የሽቦ የመጨረሻ እንቅልፍ

ዓርብ ዕለት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እህቱ ምሳውን ይዛ መጥታ የጓሮውን ክፍል ስትከፍት፣ ሽቦን አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ አገኘችው። ብርድ ልብሱ እስከ ደረቱ ደርሷል፤ በእግሩ በኩል ከፍራሹ ሥር በደንብ ተጠቅጥቋል። የተኛ መሰላት። የምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣

«ተነስ እንጂ! ቀኑ እኮ አለቀ» አለችው።

መልስ ስታጣ ቀረብ አለች። ከንፈሩ ጠቁሮ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። በአፉ ጥግ የደረቀ አረፋ ነበር። ለፖሊስ የደወሉት ጩኸቷን የሰሙ ጎረቤቶች ናቸው።

ኢንስፔክተሩ ከሳጅኗ ጋር ደርሶ የሟቹን ፊት ሲያይ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ያውቁታል እንዴ?» አለች ሳጅኗ።

«ከአምስት ወር በፊት የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ሽቦ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። የመብራት መስመር ሠራተኛ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ድመት የሚያስንቅ። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ከምሰሶ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ። ሐኪም ቤት ከሞርፊን ወገን የሆነ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አዘዙለት። ወገቡ እየተሻለው ሲሄድ መድኃኒቱ ግን አልለቅ አለው። በቀን ሁለት የነበረው አራት ሆነ፤ አራቱ ስምንት። የታዘዘለት ሲያልቅ ከመንገድ መግዛት ጀመረ፤ በኋላ የሥራ መሣሪያውን ሳይቀር ሸጠ። በመጨረሻ ፖሊስ ጠርቶ ያስያዘው የገዛ አባቱ ነው። ከዚያ አምስት ወር ሙሉ ሱስ ማገገሚያ ማዕከል ቆየ። የወጣው ባለፈው ማክሰኞ ነበር።

ሳጅኗ ጓንቷን አድርጋ ክፍሉን ፈተሸች። ትራሱን አነሳች፣ ፍራሹን ገለጠች፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ገለበጠች።

«ምንም የለም» አለች። «ኪኒን ውጦ ከሆነ ማሸጊያው የታለ? መርፌም የለ፣ ወረቀትም የለ። ብርጭቆዋ እንኳን ታጥባ ተደፍታለች። የሚሞት ሰው ብርጭቆ ያጥባል?»

«በሩስ?»

«ከውጭ ተቆልፎ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ወደ መስኮቱ ሄደ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ በቀጥታ መንገዱ ላይ ይወጣል። ብረት አለው፤ በብረቶቹ መካከል ግን እጅ በደንብ ያልፋል።

እህቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የለበሰችው የምትሠራበትን የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሽርጥ ነው። አንድ ክር እጅጌዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ኢንስፔክተሩ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«እህቴ፣ በሩን ለምን ቆለፋችሁበት?»

«ራሱ ነው የለመነን። ‘ብቻዬን ስሆን እግሬ ወዴት እንደሚወስደኝ አላውቅም፤ ቆልፉብኝ’ አለን። ስልኩንም ቦርሳውንም ለኔ ሰጠኝ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «አንድ ቁልፍ እኔ ጋ፣ አንድ አባቴ ጋ ነው። እኔ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጣሁ፤ የፋብሪካው አውቶቡስ አይጠብቅም።»

«ስትወጪ እንዴት ነበር?»

«ነቅቶ ነበር። ከወጣ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ አልዞረም። ወገቡ ደግሞ ተመልሶ ተነሳበት፤ ትራስ ነክሶ ነው የሚያነጋው። ‘ይቺን ሳምንት ልለፋት እንጂ ከዚያ ሰው እሆናለሁ’ አለኝ።»

አባትየው የመጣው ይህን ጊዜ ነው። የትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ የሚጠግን አናጺ ነው፤ ስድሳ ሰባት ዓመቱ። ቅንድቡ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። አላለቀሰም። ገብቶ ልጁን ለረጅም ጊዜ አየውና የተገለጠች እግሩን በብርድ ልብሱ ጫፍ ሸፈነ። ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረ።

«ያን ፋርማሲ የሚሉትን ኪኒን ሻጭ ያዙልኝ። በመስኮት የሰጠው እሱ ነው።»

«አይተውታል?»

«ማየት አያስፈልገኝም። ሌላ ማን አለ?»

«እርስዎ ስንት ሰዓት ወጡ?»

«ለአንድ ሩብ ጉዳይ። የሥራ መዝገብ ላይ የፈረምኩት አንድ ከሩብ ነው፤ ሄዳችሁ እዩት።»

«ሲወጡስ?»

«ተኝቶ ነበር» አለ፤ ፊቱንም አዞረ።

ሳጅኗ በዚያው ከሰዓት ጎረቤት ለጎረቤት ዞራ ማስታወሻ ደብተሯን ሞልታ ተመለሰች።

«ሽማግሌውና ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ተነጋግረው አያውቁም። አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ‘ሞተህ በገላገልከኝ’ ብሎ ሲጮህበት ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ቁልፍ አለው፤ ጥላቻ አለው። እኔን ከጠየቁኝ...»

«ጠየቅኩሽ እንዴ?»

«ሳይጠይቁኝ ነው የምናገረው፤ ያውቁኛል።»

ነገሩ ግን አልገጠመም። አስከሬኑን የመረመረችው ሐኪም ሞቱን ከጠዋቱ አራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ገምታዋለች። አናጺው በዚያን ሰዓት በስምንት ሰዎች መካከል ጠረጴዛ ሲያጣብቅ ነበር። መዝገቡም ሰዎቹም መሰከሩለት። እህቲቱም ከስፌት መኪናዋ አልተነሳችም። ሳጅኗ ቅር እያላት ሁለቱንም ከዝርዝሯ ሰረዘች።

ከመንገዱ ማዶ ልብስ የምትተኩስ ሴት ግን አንድ ነገር ነበራት። ሦስት ሰዓት አካባቢ ቢጫ የሥራ ቆብ ያደረገ ወንድ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ወደ ውስጥ ሲያወራ አይታለች።

«ፊቱንስ?»

«ጀርባውን ነው ያየሁት። ብቻ ሲሄድ እየሳቀ ነበር።»

ቅዳሜ ጠዋት ፋርማሲን አገኙት። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ጫማ እያስጠረገ ነበር። ፖሊስ ሲያይ አልሮጠም፤ አንዱ ጫማው ገና አልተጠረገማ።

«ዓርብ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እናንተ ጋ!» አለና ሳቀ። «ሐሙስ ማታ በድብድብ ተይዤ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ነው የለቀቃችሁኝ። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ላምጣ?»

ሳጅኗ ስልክ ደወለች። እውነቱን ነበር።

«ሽቦ ሞቷል» አለው ኢንስፔክተሩ።

ሳቁ ከሰውየው ፊት ጠፋ። እግሩን ከሊስትሮው ሳጥን ላይ አወረደ።

«መቼ ነው የወጣው?»

«ማክሰኞ።»

«እንዲያ ነው...» ራሱን ነቀነቀ። «ስማኝ ጌታው። እኔ ቅዱስ አይደለሁም። ግን ከዚያ ቦታ ለወጣ ሰው ቶሎ አልሸጥም። ሁለት ሞተውብኛል። የድሮውን ልክ ይወስዳሉ፤ የድሮውን ልክ መቻል የሚችለው ግን የድሮው ሰውነት ነው። ጥቂት ወር ካቆምክ ገና እንደሚጀምር ሰው ነህ። ኪኒንም በለው፣ ዱቄትም በለው፣ ያው ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ የማውቀውን ነገር ማዕከሉ ለቤተሰቦቹ አልነገራቸውም እንዴ?»

ኢንስፔክተሩም ቢሆን ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት ሲሠራ ይህን ለማንም ቤተሰብ ነግሮ አያውቅም።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው የሸጥክለት?»

«እናንተ የያዛችሁት ቀን። አምስት እሽግ፣ ሰማያዊዋን። አሁን ብፈልግም የለኝም፤ ሰማያዊዋ ከገበያ ከጠፋች አራት ወር ሆኗታል። ፋብሪካው ማምረት አቁሟል ይላሉ።»

ባለ ቢጫ ቆቡ የተገኘው በዚያው ቀን ከሰዓት ነው፤ መፈለግም አላስፈለገም። የሽቦ የቀድሞ ባልደረባ ነበር፤ ምሰሶ ላይ አብሮት የሚወጣው። ሞቱን ሰምቶ በራሱ እግር ጣቢያ መጣ። ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ያሽከረክራል።

«መስኮቱ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሥራው እንዳለ ልነግረው ነው የሄድኩት። አለቃችን ‘ምሰሶ ላይ ባይወጣም መጋዘን ውስጥ ቦታ አለው፤ ሰኞ ይምጣ’ ብሎኝ ነበር።»

«አነጋገረህ?»

«የት! ተኝቶ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠራሁት። ጌታዬ፣ እንዴት እንደሚያንኮራፋ! ብዙ ጊዜ አብረን ውጭ አድረናል፤ እንደዚያ ሲያንኮራፋ ሰምቼው አላውቅም። እንደ ውኃ የሚንቦጫረቅ ነገር ነበረው። በመሃል ጸጥ ይላል፣ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደገና... ‘አንተ ሰውዬ፣ ጣሪያውን ልታወርደው ነው’ ብዬ ስቄ ሄድኩ። ሠራተኛ ሁሉ እየሰበሰብኩ አወራሁላቸው።» ቆቡ መሽከርከሩን አቆመ። «ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም» አለ ኢንስፔክተሩ። ሰውየው ግን ፊቱን አይቶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ ጠበቀችው። ብዙ የማታወራ፣ ቃሏን እንደ መድኃኒት መጥና የምትሰጥ ሴት ናት።

«ሳንባው ውኃ ቋጥሯል። የሕመም ማስታገሻው ትንፋሹን አዳክሞ አዳክሞ አቆመው። ያስገረመኝ መጠኑ ነው።»

«በዛ?»

«አነሰ። የፋይሉን ታሪክ አንብቤዋለሁ። ከስድስት ወር በፊት ይህንን ያህል ወስዶ ወደ ሥራው በሄደ ነበር። አምስት ወር ላቆመ ሰው ግን ገዳይ ነው። የመድኃኒቱ ፍላጎት ከሰው ጭንቅላት ቶሎ አይወጣም፤ የመቋቋም አቅሙ ግን ቶሎ ይጠፋል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ማንኮራፋቱን ነገራት። ብዕሯን አስቀመጠች።

«ሦስት ሰዓት ላይ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ።»

«እንቅልፍ አልነበረማ። ጉሮሮው እየተዘጋ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው። ያን ጊዜ በጎኑ አስተኝተው አምቡላንስ ቢጠሩለት የሚያነቃ መርፌ አለ፤ ይተርፍ ነበር።» ብዕሯን መልሳ አነሳች። «ሰዎች እፎይ ብሎ የተኛ ይመስላቸዋል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚመስላቸው።»

«ታዲያ የዋጠው ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ ከደረሰ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ አንድ ሰዓት። ከዚያ በፊትም ሊሆን ይችላል። ኪኒኗ ደግሞ ሽፋኗ ሰማያዊ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ቅሪቱን አግኝቻለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ቢሮው ተመልሶ የአምስት ወሩን ፋይል አወጣ። የተያዘ ዕቃ ዝርዝር፤ ሰማያዊ ኪኒን፣ ሁለት እሽግ። ሻጩ ሸጥኩ ያለው አምስት ነው። ከዝርዝሩ ግርጌ በምስክርነት የፈረመው የአባትየው ፊርማ የሕፃን ልጅ ጭረት ይመስላል።

ያንን ቀን አስታወሰ። ሽማግሌው ጓሮው መሃል ቆሞ ነበር፤ ልጁን ፖሊስ ሲወስድበት ቀኝ እጁ ከካፖርቱ ኪስ አልወጣም። ወረቀቱን ሲያቀርብለት በግራ እጁ ፈረመ። አናጺው ግን ቀኝ እጁን ነው የሚጠቀመው። ኢንስፔክተሩ ይህን አይቷል። ኪሱ ውስጥ ያለውን ነገርም ገምቷል። ሁለት እሽግ የተገኘበት ሰው ሱሰኛ ተብሎ ወደ ማገገሚያ ይላካል፤ አምስት የተገኘበት ግን ነጋዴ ተብሎ ዓመታት ይታሰራል። ሆዱ ባባና ያላየ መስሎ አለፈው። በኋላም ሽማግሌው ወስዶ ይጥለዋል ብሎ ራሱን አረጋጋ። ተመልሶ ግን አልጠየቀም።

ሳጅኗ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ሽማግሌው ናቸው፣ አይደል?» አለች። ከዓርብ ጀምሮ የምትለው ነገር ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ፊቷ ላይ ምንም ደስታ አልነበረም።

ወርክሾፑ ውስጥ የተሰበሩ የተማሪ ጠረጴዛዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተዋል። አናጺው ብቻውን የአንዱን እግር በብሎን እያጠበቀ ነበር። ኢንስፔክተሩ ገብቶ ጎኑ ቆመ።

«አባቴ፣ የሰማያዊዎቹ ኪኒኖች ትራፊ የት ነው ያለው?»

ሽማግሌው ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀ። መፍቻውን በቦታው ሰቀለ። ከዚያ የበር ማጠፊያዎች ከሚቀመጡበት መደርደሪያ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አውርዶ ከፈተው። ሁለት ሙሉ እሽግ፤ ሦስተኛዋ ላይ አራት ኪኒን ቀርቷል።

«የዚያን ቀን ከአልጋው ሥር ያገኘሁት ነው» አለ። «ክሱ እንዳይበዛበት ብዬ ደበቅኩት። ልጥለው ነበር። ዛሬ ነገ ስል...» አልጨረሰውም።

«ዓርብ ጠዋት ምን ሆነ?»

አናጺው ያልተጠገነ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ግድግዳችን ስስ ነው። ሦስት ሌሊት ሙሉ ሲያቃስት ሰማሁት። እንዳንሰማው ትራስ ይነክሳል፤ ይሰማል ግን። እኔ ለዚያ ልጅ ደግ ቃል ከተናገርኩት ስንት ዓመቴ! ‘ሞተህ በገላገልከኝ’ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ነግረውሃል መቼም። እህቱ ስትወጣ ገባሁ። ላብ አጥምቆታል። ኪኒኑን አሳየሁት።»

«ጠየቀዎት እንዴ?»

«አልጠየቀኝም!» ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ይኼንን ጻፍልኝ። ልጄ አልጠየቀኝም። ‘አይ አባዬ፣ ይቅርብኝ፣ እችለዋለሁ’ አለኝ። እኔ ነኝ ‘ይሄ የወገብ መድኃኒት ነው፣ ሐኪም ያዘዘልህ ነው፣ ዛሬን እረፍና ነገ ትችለዋለህ’ ያልኩት። አሥራ አምስት በአንዴ ሲወስድ በዓይኔ ያየሁት ልጅ ነው። ስድስት ቆጠርኩለት። ውኃ አመጣሁለት። ከዋጠ በኋላ እጄን ሳመኝ።»

ሳጅኗ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ውጭ ታያለች።

«ማሸጊያውን ይዤ የወጣሁት፣ ብርጭቆዋንም ያጠብኩት እህቱ አይታ እንዳትቆጣው ነው። ስወጣ ማንኮራፋት ጀምሮ ነበር። ‘ተመስገን፣ ልጄ ተኛ’ ብዬ ብርድ ልብሱን አለበስኩት፤ እንዳይነቃብኝ በሩን በቀስታ ቆለፍኩ።» ቀና ብሎ ኢንስፔክተሩን አየው። «ስድስት ይገድላል? ሌላ ሰው በመስኮት ጨምሮለት ነው ብዬ ነበር። ለዚያ ነው ያንን ሰውዬ ያዙልኝ ያልኩህ። እውነቱን ንገረኝ፣ ልጄ። ሌላ ሰው ነበር?»

መዋሸት ለኢንስፔክተሩ ቀላል ነበር። ለአንድ አፍታ አሰበውም። ግን ለዚህ ቤት አንድ ጊዜ ራርቶ ያስከተለውን አይቷል።

«ሌላ ሰው አልነበረም፣ አባቴ። ሰውነቱ መድኃኒቱን ረስቶት ነበር። ለአምስት ወር ላልነካው ሰው ስድስት ብዙ ነው።»

«ረስቶት ነበር?»

«አዎ።»

«ድኖልኝ ነበር በለኛ» አለ ሽማግሌው።

ማክሰኞ ዕለት ኢንስፔክተሩ ወደ ማገገሚያ ማዕከሉ ስልክ ደወለ። ታካሚ ሲወጣ ለቤተሰብ ምን እንደሚነገር ጠየቀ። ያነሳችው ሠራተኛ መውጫ ወረቀቱን አነበበችለት፤ ምግብ፣ ዕረፍት፣ የቀጠሮ ቀን። የድሮው መጠን እንደሚገድል የሚናገር መስመር አልነበረበትም። «ለሐኪሞቹ ነግሬ አስጨምራለሁ» አለች። ስሟን መዘገበ፤ በሳምንቱ መልሶ ለመደወል።

ስለ ካፖርቱ ኪስም በገዛ እጁ አንድ ገጽ ጽፎ ፋይሉ ውስጥ አኖረ። አለቃው አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄን ለምን ታስገባለህ? ማንም እኮ አላየህም።»

«እኔ አይቻለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ኮሪደሩ ላይ እህትየዋ ቆማ ነበር። አባቷ የሰጠውን ቃል ለመፈረም የሚያስፈልገውን መነጽር ይዛ መጥታለች። ግቢ ቢሏት አልገባም አለች። መነጽሩን ለሳጅኗ ሰጥታ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረች።

«በአባቴ ልቆጣ እሞክራለሁ» አለችው። «ቁጣዬ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለሳል። ማንን ልጥላ፣ ጌታዬ?»

ኢንስፔክተሩ ኪሱ የነበረውን መሐረብ ሰጣት፤ እሷም ሳትጠቀምበት በእጇ እንደያዘችው ወደ ፋብሪካዋ ሄደች።

ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ ቃሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ። ቀስ ብሎ ነው ያነበበው፤ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ። ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ጣቱ ቆመ።

«እዚህ ጋ ‘ስድስት ብቻ ሰጠሁት’ ይላል።»

«እንደዚያ ነው የነገሩኝ መስሎኝ...»

«ብቻ የምትለዋን አውጣልኝ። ሰበብ ትመስላለች።»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አነሳና ቃሏ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። በደንቡ መሠረት ከስርዙ ጎን ሁለቱም ፈረሙ።